ሠላሳ አንድ ጆንያ ቁራጭ

ጉዳዩ የሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር ነበር። ባንኩ ሙቀትና መብራት የሚቆጥብ ቤት ለሚሠራ ሰው ከስድስት መቶ ሺህ ዕዳው ላይ ይህን ያህሉን ይሰርዝለታል። ቤቱን ግን አስቀድሞ ተቆጣጣሪ ያየዋል።

ልብስ ሰፊው መስኮቶቹን ባለ ሁለት መስታወት አደረገ፤ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም ሰቀለ። የቀረው የኮርኒሱ ሙቀት መከላከያ ነበር። ባንኩ ለመግዣው የሰጠውን ሠላሳ ስምንት ሺህ ለልጁ የዓይን ሕክምና ከፈለና ኮርኒሱን ከሱቁ በተረፈ ሠላሳ አንድ ጆንያ የጨርቅ ቁራጭ ጠቀጠቀው። ለሚስቱ “የፋብሪካ ነው” አላት። ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየት ተወ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጥቶ መሰላል ላይ ወጣ። ሩብ ሰዓት ቆየ። ሰፊው ከታች መሰላሉን ይዞለታል።

“ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ ነው እንዴ?”

“ቁራጭ ነው።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም፣ ልጄ።”

ተቆጣጣሪው ፎቶ አነሳ። አንድ እፍኝ ቁራጭ በላስቲክ ቋጥሮ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

“ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ይሄማ ለሌላው ማስተማሪያ መሆን አለበት። ለአለቆቼ አቀርበዋለሁ፤ ሰኞ መልሱ ይደርስዎታል።”

ተቆጣጣሪው ሲሄድ ሁሉን የሰማችው ሚስትየው ከጓዳ ወጣች።

“የፋብሪካ ነው አላልከኝም?”

“ገንዘቡ ለልጅቷ ዓይን ነው የሄደው። ዛሬ አጥርታ ታያለች።”

“እሱስ ታያለች። አባቷ ሲታሰርም አጥርታ ታያለች።”

ሰፊው ዓርብ ከሁለቱ የስፌት መኪኖቹ አንዱን በአርባ አንድ ሺህ ሸጦ የፋብሪካውን መከላከያ ገዛ። ቅዳሜና እሑድ ባልና ሚስት ኮርኒሱን ባዶ አድርገው አዲሱን ዘረጉበት። ቁራጩን ከቤቱ ጀርባ ቆልለው አቃጠሉት።

ሰኞ ጠዋት የባንኩ ደብዳቤ ደረሰ። ሰፊው ከስንት ቀን በኋላ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

“አሁን ይምጡ። አንዲት ክር አያገኙም” አለና ፖስታውን ቀዶ ደብዳቤውን አነበበ።

“አዲስ ነገር ሳይገዙ፣ በሚጣል ጨርቅ ኮርኒስዎን በመሸፈንዎ የዓመቱ አንደኛ ተሸላሚ ሆነዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጨርቁ በቦታው መኖሩን አይተን፣ በሁለት መቶ አርባው ፈንታ ስድስት መቶ ሺሁን በሙሉ እንሰርዛለን።” ትርፍ፦ ለፋብሪካው መከላከያ የሚሰረዝ ሁለት መቶ አርባ ሺህ። ኪሳራ፦ ሦስት መቶ ስድሳ ሺህና አንድ የስፌት መኪና።