ከነዳጁ ሥር የተኛው ውሃ

መካኒኩ ከክንፉ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ነዳጁን በብርጭቆ ቀዳና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ነዳጁ ከላይ፣ ውሃው ከታች ተለይተው ቁልጭ ብለው ታዩ። ሞተሩ አየር ላይ ጸጥ ብሎ፣ ትንሿ የማሰልጠኛ አውሮፕላን የበቆሎው ማሳ ውስጥ በአፍንጫዋ የተተከለችው በዚሁ ውሃ ምክንያት ነበር። የአሰልጣኙ ደም ፈላ።

«ስንቴ ልንገርሽ?» ብሎ ተማሪዋ ላይ ጮኸ። «ሳንነሳ በፊት ነዳጁን ቀድተሽ እዪ አላልኩሽም? ይቺን ታህል ነገር አቅቶሽ ልትፈጂን ነበር እኮ!»

ተማሪዋ የተሰበረ ክንዷን በሻርፕ አንጠልጥላ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ልቀዳ ጎንበስ ስል እኮ ‹ተይው፣ ረፍዷል፣ ትናንት አይቼዋለሁ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለችው።

አሰልጣኙ ነዳጁን ትናንት በእርግጥ አይቶት ነበር። ውሃውን ወደ ነዳጁ ያስገባው የሌሊቱ ዝናብ የጣለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መካኒኩ ሥራውን ትቶ ያየው ጀመር። አሰልጣኙ የሚቆጣው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከበቆሎው በቀር ማንም አልነበረም።

«እሷን ጥፋተኛ እንዳታደርግ» አለው መካኒኩን በመጨረሻ። «ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ።»