የትርሲት ምላስ

ልጄ ትርሲት የወይን ጠጅ ሳይንስ አዋቂ ናት። የአምስት አገር ፋብሪካዎች እሷ ሳትቀምስ አንድ በርሜል አይከፍቱም። ምላሷ ሥር ባስቀበረቻት ቅንጣት መሣሪያ፣ የሩቁ ወይን ጣዕም ባቱ ቤታችን ድረስ ይመጣላታል። የምግብ ጣዕም ግን ከዚያ ወዲህ ተዘግቶባታል።

ዓርብ ዕለት የፋብሪካዎቹ ዋና አማካሪ ሆነች ብዬ ጎረቤት ጠራሁ። ምስር ወጡ ሲንተከተክ፣ ጾመኛ ስለሆንኩ ከልጅነቷ እንደለመድኩት ማንኪያውን ዘረጋሁላት።

«እስቲ ጨዉን ቅመሽልኝ።»

የምግብ ጣዕም እንደማይሰማት ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ግን ማንኪያውን ተቀበለች። ልክ እንደ ሥራዋ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው።

«ትንሽ ጨው ያንሰዋል፣ እማዬ።»

እያወቅሁ ጨመርኩበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ማዕዱን ከበቡ። ጎረቤቴ አልጋነሽ አንዴ ጎርሳ ውሃ ፍለጋ ተንጠራራች።

«ውይ! ምነው ጨዉ…»

«ትርሲት ናት የቀመሰችልኝ» አልኳት፣ ወጥ እየጨመርኩላት። «አምስት አገር ያመነውን ምላስ አንቺ ልታርሚው ነው?»

አልጋነሽ የጨመርኩላትን በላች። ሌሎቹ ውሃ በላይ በላዩ ጠጡ። እኔ ግን ልጄ ፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ሳልጎነጭ ሳህኔን ጠረግኩ።