የፍሪጃችን ምስክርነት

ሰው ለዘመዱ ይዋሻል ተብሎ፣ ለኢንተርንሺፕ የሚያመለክት ተማሪ ሁሉ ምስክሩ የቤቱ ፍሪጅ እንዲሆን ታዘዘ። እናቴ የኛን ፍሪጅ ስትወለውል ሰነበተች። «አደራህን፣ ልጄን እንዳታዋርዳት!» ትለዋለች።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደርሶ ጠያቂዋ የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ብቅ አለች። እኔን ትታ ፍሪጁን፣ «ትንግርት ታታሪ ናት?» አለችው።

«በሬን ከፍታ ትፈዛለች፤ ከዚያ ምንም ሳታነሳ ትዘጋዋለች» አለ ፍሪጁ። «እኔ ግን መብራት ካልጠፋ በቀር ከሥራ ቀርቼ አላውቅም፤ የተሰጠኝንም አላበላሽም።»

«በቃ፣ አንተ ነገ ጀምር!»

ይኸው ቀን ቀን ወተቱ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሥጋችንም ቋንጣ ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። ንዴቴ ሳይበርድልኝ ማታ በሩ ይንኳኳል።

«ተነሺ እንጂ!» ትላለች እናቴ። «ወንድምሽ ደክሞት መጥቷል፤ ሶኬቱን ሰኪለት!»