ምሳ ግሪኩ ቤት

ዘርአ ዳዊት ግሪኩ ቤት ላለመግባት ያላለው ነገር የለም። ጥሩ ክትፎ የሚሠራ ቤት አውቃለሁ አለ። እሱ አልሆን ሲል ሆዴን እየቆረጠኝ ነው አለ። የእጮኛው የአልታየች አባት አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ከአረርቲ ድረስ የመጡት ክትፎ ፍለጋ አልነበረም።

"ክትፎ እቤቴም አለ። የፈረንጁን እንቅመስ እንጂ" ብለው ቀድመው ገቡ።

ቀኑ እሁድ ነው፤ የቀበሌው ስብሰባ ገና መበተኑ። ግሪኩ ሙሴ ኮስታ ከድሬዳዋ መጥቶ በደሴ መንገድ ዳር ቤቱን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም። ወንበሩን ሁሉ ሰማያዊ ቀብቶታል። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ምግብ ቤት አይታ አታውቅም።

ዘርአ ዳዊት ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሱፍ ጆንያ ተሸካሚ ነው። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጧል። አልታየችን ያገኛት እዚያው ፋብሪካ ነው፤ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ሲተዋወቁ የአንኮበር ባላባት ልጅ ነኝ፣ መሬታችን በአዋጅ ሲወረስ አባቴ በንዴት ሞተ ብሏት ነበር። እሷም ለአባቷ ይህንኑ ነገረች። ዛሬ አባትየው ልጁን በዓይናቸው አይተው እሺ ወይ እንቢ ሊሉ ነው የመጡት።

ገና ከመቀመጣቸው ነጭ ኮት የለበሰ ሽማግሌ አሳላፊ የእጅ ውሃ ይዞ መጣ። ዘርአ ዳዊት ብድግ አለ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ምነው አሉት። ምንም ብሎ ተቀመጠ።

አልታየችና አባቷ ታጠቡ። ተራው ሲደርስ ዘርአ ዳዊት ማንቆርቆሪያውን ከሽማግሌው እጅ ቀምቶ በራሱ እጅ ላይ አፈሰሰ። እጅጌው እስከ ክርኑ ራሰ።

"የባላባት ልጅ ነው አላልሽኝም? ውሃ አስፈስሶ የሚያውቅ አይመስልም" አሉ ሰውየው ለልጃቸው፣ እሱ እየሰማ። አልታየች አንገቷን ደፋች።

ምግቡ መጣ። በምድጃ የበሰለ የበግ ሥጋ ከድንች ጋር፣ ነጭ አይብ የተፈረፈረበት ሰላጣ፣ ላዩ ላይ ጥቁር የወይራ ፍሬ። አቶ ወርቅአገኘሁ ፍሬውን በሹካ ገፋ ገፋ አደረጉት።

"አባባ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የፍየል በጠጥ?"

ሽማግሌው እየሳቀ እንደሚበላ አስረዳቸው። ዘርአ ዳዊት አሁንም ተነስቶ ቆሟል።

"ኧረ ቁጭ በል አንተ ልጅ። ለአሳላፊ ይነሳል እንዴ?"

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሳቁ። የዘርአ ዳዊት ፊት በርበሬ መሰለ። ሹካው ከጣቱ ይንሸራተታል፣ ሥጋው ከሳህኑ ያመልጠዋል። ሽማግሌው ማንም ሳያዘው እንጀራ አምጥቶ አጠገቡ አኖረለት። ዘርአ ዳዊት ቀና ብሎ ሳያየው ቆረሰ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ዋናው ነገር ገቡ። አንኮበርን እንደሚያውቁት፣ ሰውም እንዳላቸው ነግረውት አባቱ ማን እንደነበሩ ጠየቁት። ግራዝማች ኪዳነ ማርያም አላቸው። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አሉ።

"ለመሆኑ በሕይወት የሉም አይደል?"

ሽማግሌው ባዶ ሳህን እያነሳ ነበር። ዘርአ ዳዊት ጠረጴዛው ላይ እንዳፈጠጠ፣ "የሉም። ሞተዋል" አለ።

"ነፍስ ይማር" አለ ሽማግሌው፣ እንደ ማንም ሰው። ሳህኖቹን ደራርቦ ወደ ጓዳ ሄደ።

አቶ ወርቅአገኘሁ እጃቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ። ዘርአ ዳዊት ነገሩ ያከተመ መሰለው።

"እኔ ባላባትነትህን አላምንም" አሉ በመጨረሻ። "ባላባት ለአሳላፊ አይነሳም። ግን ከባላባት ልጅ ይልቅ ለትልቅ ሰው የሚነሳ ልጅ እመርጣለሁ። ማንም ይሁኑ ማን፣ አባትህ አሳድገውሃል። ሽማግሌ ላክ።"

አልታየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘርአ ዳዊት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

ሲወጡ እሱ በሩ ላይ ወደኋላ ቀረ። ሙሴ ኮስታ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሽማግሌውን ይጠይቃል።

"ያንን ልጅ ታውቀዋለህ እንዴ?"

"አላውቀውም፣ ሙሴ።"

ዘርአ ዳዊት አባቱ ሲዋሽ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።