ኡኡታው

ዘፋኙን አገር ያወቀው በአንዲት የቀልድ ዘፈን ነው። ሚስቱ አይጥ አይታ የወደቀችበት ባል ሆኖ፣ «ኡኡ! የሰው ያለህ! ሚስቴን አትርፉልኝ!» እያለ ሃያ ዓመት የሰው ሠርግ አደመቀባት።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ሳለ ደረቷን ይዛ ተዘረረች። ደጅ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ሚስቴን አትርፉልኝ!»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ጭብጨባውንም አቀለጡት።

«ይመችህ! ድገመው!»

«የምሬን ነው! በማርያም!» ቢል ሳቁ ባሰ።

ሮጠው የደረሱለት እማማ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም፤ ያዩት ፊቱን ነው። ጎንበስ ብለው የሚስቱን አንገት ዳሰሱ። ቀና አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

ጭብጨባው ገና አላባራም።