ለበረኛው የሚዘፈነው

ክለቡ ሜዳው በር ላይ የውርርድ ማሽኖች ካቆመ ወዲህ የደጋፊዎቹ አስጨፋሪ በረኛውን ማመን ትቷል። «ትርፉ ለክለባችን ነው፤ ማሊያ እንገዛበታለን» ሲባል እሱም አብሮ አጨብጭቦ ነበር። አሁን ግን በረኛው ጓንቱን ሲያስተካክል እንኳ ለሆነ ሰው ምልክት የሚሰጥ ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንት በእግሮቹ መሀል ሾልካ የገባችው ኳስ፣ አዲሱ ስልኩ፣ ማሽኖቹን ከሚጠብቀው ሰውዬ ጋር ቆሞ መሳቁ፤ ሁሉም ተገጣጠመለት።

«ሽጦናል» አላቸው አጠገቡ ለተቀመጡት ለጋሽ ደምመላሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቦታ ያልጠፉ ደጋፊ ናቸው።

ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን ከኮት ኪሳቸው ሳያወጡ ሜዳውን ያያሉ።

አንድ እኩል እንዳሉ፣ በዘጠናኛው ደቂቃ ዳኛው ለእንግዳው ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። አስጨፋሪው ዓይኑን ከበረኛው ላይ አልነቀለም።

«አሁን አውቆ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል፤ እዩት!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

በረኛው ወደ ቀኝ ተወርውሮ ኳሷን ደረቱ ላይ ለጠፋት።

አስጨፋሪው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። ከበሮውን መታና ደጋፊው ሁሌ የሚቀበለውን የበረኛውን ዘፈን አወጣ። የተቀበለው የለም። ደግሞ አወጣ። ከኋላው ወረቀት ሲቀደድ ሰማ፤ መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ከዚያ በየወንበሩ።

«ዛሬን እንኳ ቢገባበት ምን አለበት!» አሉ ጋሽ ደምመላሽ፣ የውርርድ ትኬታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሁለት እየቀደዱ።

ታች ሜዳው ላይ በረኛው ኳሷን እንዳቀፈ፣ ዘፈኑን እየጠበቀ ሽቅብ ያያቸዋል።