ፊት ለፊት ያለው በር

ምሥራቅ የጎረቤቷን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ፎቅ ከገባች አምስት ወር ሆኗት ነበር፤ ፊት ለፊቷ ከምትኖረው ልብስ ነጋዴ ጋር ግን ደረጃው ላይ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርታ አታውቅም። ደግሞም ከናኩሩ የመጣችው ይህንኑ ፈልጋ ነበር። ናኩሩ ትልቅም ትንሽም ያልሆነች ከተማ ናት። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ከቤቷ እስከ ሥራዋ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሰርጓ በቀረ ማግሥት ግን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ አትክልት ሻጯ እንኳን ሽንኩርቱን እየመዘነች «ያልፋል» አለቻት። ናይሮቢ ስትመጣ ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ሦስት ቀን በትኩሳት ስትንቀጠቀጥም ማንም አልጠየቃትም። ያን ዕለት ጠዋት የደወለችው ያችው የናኩሩ አትክልት ሻጭ ነበረች። «ድምፅሽ ምን ሆነ? አጠገብሽ ማን አለ?» አለቻት። ምሥራቅ ስልኩን ዘግታ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች።

አሁን አንኳኳች። ሴትየዋ ሻሿን እያስተካከለች ከፈተች።

«ምሥራቅ እባላለሁ። እዚህ ፊት ለፊት ነው የምኖረው» አለች ምሥራቅ። «አሞኛል።»

ሴትየዋ ፈጠን ብላ ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ሰአዳ እባላለሁ» አለች፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «ስትስዪ እሰማሻለሁ። ሁለቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ፤ ሰው የማትፈልጊ መስሎኝ። ነይ ግቢ፣ እህቴ።»